ሀዋሳ ውስጥ የሞባይል ኩባንያ ሱቅ ለተቀጠራችሁ፦ ባንኮኒ ላይ እንዴት ይሠራል?

"ሽያጭ ተቀጠርኩ፣ ሰኞ እጀምራለሁ፣ ምን ልወቅ?" ይሄን ጥያቄ በአካልም በቴሌግራምም ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አብዛኞቻችሁ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣችሁ ናችሁ። ሥልጠናው ላይ ስለ ጥቅል ዋጋና ስለ ሲስተሙ ይነገራችኋል፤ ግን ባንኮኒ ላይ ቆማችሁ ሰው ፊታችሁ ሲመጣ ምን ከምን እንደሚቀድም ቁጭ ብሎ የሚያስረዳችሁ የለም። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይሄንኑ ልላክ ብዬ ነው።

መመሪያው ለኢትዮ ቴሌኮምም ለሳፋሪኮምም ሱቅ፣ በእነሱ ስም ለሚሠራ ወኪል ሱቅም ይሆናል። የሲስተሙ መልክ ይለያያል እንጂ ሥራው ያው ነው። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ደንበኛው የገዛው ነገር በገዛ እጁ ላይ ሲሠራ ሳያይ ከሱቅ አይውጣ። ከታች ያለው ሁሉ ወደዚህ ነው የሚሄደው።

ምን መያዝ አለባችሁ?

- ሲም ማውጫ መርፌ፣ ሁለት ሦስት። ሁልጊዜ ይጠፋል። ሲጠፋ ሰው በጆሮ ጌጥና በስፒል መጎርጎር ይጀምራል፣ የደንበኛው ስልክ ይበላሻል።
- መሞከሪያ ስልክ፣ ባለ ሁለት ሲም፣ 4ጂ የሚሠራ። ሱቁ ካልሰጣችሁ የራሳችሁን ተጠቀሙ።
- ታይፕ ሲ እና ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ፣ ከነፓወር ባንኩ። ባትሪው የሞተ ስልክ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- በእጃችሁ የጻፋችሁት የጥቅል ዝርዝር፣ ከላዩ ቀን ያለበት። ዋጋ ይቀየራል፤ ቀን የሌለው ዝርዝር ያሳስታል።
- የኢትዮጵያንና የፈረንጅን ዘመን የምታመሳክሩበት ካላንደር። ለምን እንደሆነ ቁጥር 3 ላይ ታያላችሁ።
- ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሲምና ስክሪን መጥረጊያ።
- ዝርዝር ብር፣ በተለይ ባለ 10 እና ባለ 50።
- ከተቻለ አንድ የማንበቢያ መነጽር። ትልልቅ ሰዎች መነጽራቸውን ቤት ረስተው ይመጣሉ። የሚፈርሙበትን ነገር ራሳቸው ማንበብ አለባቸው።

1. ሱቁ ሳይከፈት ቀድማችሁ ግቡ

ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሲስተሙ ይከፈታል ወይ? የካርድ መሙያ ሂሳባችሁ ስንት ነው? የደረሰኝ ወረቀት አለ? ዛሬ የተቀየረ ዋጋ አለ? ከዚያ ሲም ካርዶቹን ቁጠሩ። ስትቆጥሩ ብዛቱን ብቻ አትዩ፤ ጀርባቸው ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥርም እዩ። በ89251 የሚጀምረው ረጅሙ ቁጥር ነው፤ 251 የአገራችን ኮድ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ማታ ላይ አንድ ሲም ቢጎድል ጠዋት አብሮ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ የሚያሳይላችሁ ይሄ ብቻ ነው። ጠዋት ያልተቆጠረ ዕቃ ማታ ከእናንተ ነው የሚጠየቀው።

የቀኑንም ሁኔታ አስቡበት። የወር መጨረሻ ከሆነ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ደመወዝ ይዘው ከሥራ መልስ በአንዴ ይመጣሉ፣ ብዙዎቹ ቤተሰብ ጋ ብር ይልካሉ። ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ከገጠር ቀፎ የሚገዛ ይበዛል። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ በሚቀበልበት ሰሞን ደግሞ አዲስ ሲምና የጠፋ ሲም ነው። ዕቃችሁንና ዝርዝር ብራችሁን በዚሁ ልክ አዘጋጁ።

2. መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ጥያቄ

ትልቅ ሰው ከሆኑ "እማማ፣ ምን ልታዘዝ?"፣ "አባባ፣ ይቀመጡ" ብላችሁ ጀምሩ። ጎልማሳውን ጋሼ፣ እኩያችሁን ወንድሜ ወይም እህቴ። እናት ከልጃቸው ጋር ከመጡ ለልጁ አታውሩ፤ ስልኩ የእሳቸው ነውና ለእሳቸው አውሩ። ልጁ ሲወጣ ስልኩ ይዘው የሚቀሩት እሳቸው ናቸው።

ሲዳምኛ የማትችሉ ከሆነ ሰላምታውንና ቁጥሮቹን ቶሎ ልመዱ፣ ከሚችል ባልደረባችሁም አጠገብ ቁሙ። አማርኛ በደንብ የማይሰማ ደንበኛ ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ አይጠቅምም፤ አንገቱን እየነቀነቀ ያልገባውን ነገር ገዝቶ ይሄዳል፣ በማግስቱ ደግሞ ተናዶ ይመለሳል።

ደንበኛ ችግሩን በራሱ ቋንቋ ነው የሚነግራችሁ። ቶሎ የምትሰሟቸው እነዚህ ናቸው፦

"ካርዴን በላብኝ" ካለ፣ ብዙ ጊዜ ጥቅሉ አልቆ ኢንተርኔቱ ሳይዘጋ ቀርቷል፣ ወይም ሳያውቅ የተመዘገበበት የአጭር መልእክት አገልግሎት አለ። ሁለቱንም ፈትሹ።

"ሲሜ ተቃጠለ" ካለ፣ ሲሙ ላይቃጠል ይችላል። ትሪው ውስጥ ተንሸራቶ ይሆናል፣ ወይም ቆሽሾ። ከመተካታችሁ በፊት አውጥታችሁ ጠርጋችሁ መልሱት።

"ኔትወርክ እምቢ አለኝ" የሚለው ደግሞ አስር ነገር ሊሆን ይችላል። እሱን ቁጥር 11 ላይ ለብቻው ጽፌዋለሁ።

"ኢንተርኔት አስገባልኝ" ሲባል ከተሰለፉት ግማሾቹ ጥቅል ማለታቸው ነው፣ ሌሎቹ ደግሞ ስልኩ ላይ ዳታው ተዘግቶባቸው ነው። ሳትጠይቁ ጥቅል አትሽጡ።

3. ምዝገባ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲም ካርድ ያለ ምዝገባ እንዳይሰጥ ያስገድዳል፤ ስህተት ከተፈጠረ ደግሞ ውጤቱ የሚታየው ያኔውኑ አይደለም። ሰውየው ከዓመት በኋላ ሲሙ ጠፍቶት ሊተካ ሲመጣ፣ ወይም የሞባይል ገንዘቡን ከባንክ ጋር ሊያገናኝ ሲል ነው "ስሙ አይገጥምም" የሚባለው።

ሦስት ነገር ላይ አተኩሩ።

ስም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ መታወቂያው ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ እናንተ ትክክል የሚመስላችሁን አትጻፉ። አንድ ተስፋዬ ሁለት ሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ትክክሉ መታወቂያው ላይ ያለው ነው።

የልደት ቀን። ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱበት ይሄ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ የኢትዮጵያ ዘመን ተጽፎ ሲስተሙ የፈረንጁን ሊጠይቅ ይችላል። ዝም ብሎ 8 ዓመት መደመር አይሆንም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7 ነው የሚደመረው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ወሩና ቀኑም ይቀየራል። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በፈረንጁ ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 ነው። ካላንደሩን የያዛችሁት ለዚህ ነው፤ በጭንቅላት አትሥሩ።

የፋይዳ ቁጥር። ባለ 12 አሃዝ አለ፣ ባለ 16 አሃዝም አለ። ሲስተሙ የትኛውን እንደሚጠይቅ አይታችሁ አስገቡ። ቁጥሩን በአራት በአራት ከፍላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡለት፣ ደንበኛው ካርዱን እያየ ይከተላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የደንበኛን መታወቂያ በግል ስልካችሁ ፎቶ አታንሱ። "ሲስተም የለም፣ ፎቶ አንስቼ በኋላ አስገባዋለሁ" የሚል ነገር አትልመዱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ፎቶው ከስልካችሁ ሾልኮ ቢወጣ በስማችሁ ነው የሚጠየቀው። መታወቂያውን አንድ ጊዜ ተቀበሉ፣ ሥራው እንዳለቀ በእጁ መልሱ። ባንኮኒ ላይ አታስቀምጡት፤ የተረሳ መታወቂያ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

4. ሲሙን ማስገባት

ሲሙን ከካርዱ ስታወጡ ስልኩ የሚፈልገውን መጠን እዩ። ትልቁን ገንጥላችሁ ናኖ (ትንሹን የሲም መጠን) ለሚወስድ ስልክ በመቀስ መቁረጥ አያስፈልግም፣ መስመሩ ላይ ብቻ ተጫኑ። ወርቃማውን ክፍል በጣት አትንኩ። ስልኩን መዝጋት ካስፈለገ ደንበኛውን አስፈቅዱ፤ ያላስቀመጠው ነገር ሊኖር ይችላል።

የፒን ጉዳይ፦ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ፒን ከገባ ሲሙ ይቆለፍና ባለ 8 አሃዙን የፑክ ኮድ ይጠይቃል። ፑኩን 10 ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ጭራሽ አይሠራም፣ መተካት ነው። ስለዚህ ደንበኛ "እስኪ እንዲህ ሞክር" እያለ ቢገፋፋችሁም በግምት አትሞክሩ። ሲሙ የመጣበትን ካርድ ወይም ወረቀት እንዳይጥለው ንገሩት፣ ፑኩ እሱ ላይ ነው ያለው።

5. ጥቅል መምረጥ

"የስንት ብር?" ብላችሁ አትጀምሩ። በብር የጀመረ ሰው ርካሹን ይወስዳል፣ ርካሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለእሱ አይሆንም፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ "ሸወዳችሁኝ" ብሎ ይመጣል። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ብር ካርድ ይሞላሉ? አብዛኛውን የሚደውሉት በ09 ነው በ07 ቁጥር? ኢንተርኔት የሚጠቀሙት በየትኛው ሰዓት ነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሻጭ ይዘለዋል። ሀዋሳ ላይ ግን ዋናው እሱ ነው። ፓርክ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ሺፍት ላይ ስልኳን ላትነካ ትችላለች። የቀን ጥቅል ከሸጣችሁላት ግማሹ ሥራ ላይ እያለች ይቃጠላል። ለእሷ ሳምንታዊ ይሻላታል። ባጃጅ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፣ ብዙ ይደውላል፣ ቪዲዮ የሚያየው ማታ ነው፤ የድምፅ ጥቅሉ ላይ ብታተኩሩለት ይጠቀማል። ተማሪው ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ካገኘ ትልቅ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

የጥቅሉን ማለቂያ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ንገሩት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ከጭቅጭቁ ብዙው ከዚህ ነው የሚመጣው። መልእክቱ ላይ 06:00 ተብሎ ሲመጣ ደንበኛው እኩለ ቀን ይመስለዋል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። 23:59 ማለት ምሽት 5:59 ነው። በወረቀት ላይ "ሐሙስ ምሽት 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ያልቃል" ብላችሁ ብትጽፉለት ይሄ ሁሉ ይቀራል። ጥቅሉ 24 ሰዓት የሚቆጥር ነው ወይስ እኩለ ሌሊት ላይ የሚዘጋ? እሱንም አጣርታችሁ ንገሩ። ራሱን የሚያድስ ከሆነ ደግሞ ማቋረጫውን አሳዩት።

ጥቅሉን ከሸጣችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ጨምሩና ስልኩ ላይ እነዚህን አስተካክሉለት፣ አስፈቅዳችሁ፦ ቴሌግራም ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዝጉ፣ የአፕ ማደሻውን በዋይፋይ ብቻ አድርጉ። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት እንኳ ግማሽ ጂቢ ገደማ ሊወስድ እንደሚችል ንገሩት። ሰው ይሄን አያውቅም። አውቆ ሲገዛ ቢያልቅበትም አይጣላችሁም፣ ተመልሶ የሚገዛውም ከእናንተ ነው።

6. ቀፎ መሸጥ

ለማን ነው? ለምንድን ነው? ከአለታ ወንዶ ወይም ከይርጋለም ዙሪያ ለመጡ ገበሬ አባት ባትሪው ሳምንት የሚጠጋ፣ መብራትና ራዲዮ ያለው፣ ቁልፉ ትልልቅ የሆነ ስልክ ከውድ ስማርት ስልክ ይበልጣል። ልጃቸው ከተማ ስለሆነ በቪዲዮ ሊያዩት ከፈለጉ ግን ስማርቱ ያስፈልጋል፣ ያኔ ደግሞ የሚኖሩበት ቦታ 4ጂ መኖሩን ጠይቁ። 4ጂ እንዲሠራ ስልኩም፣ ሲሙም፣ ቦታውም 4ጂ መሆን አለባቸው። የድሮ ሲም የያዘ ሰው አዲስ ስልክ ገዝቶ "ፈጣን አይደለም" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በሲሙ ነው።

ማከማቻውን በትክክል ንገሩ። 32 ጂቢ ተብሎ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሲስተሙ ራሱ አስር ጂቢና ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል። ራሙ 2 ጂቢ የሆነ ስልክ ቲክቶክና ቴሌግራም አንድ ላይ ሲከፈትበት ይጎተታል። ይሄን ደብቃችሁ ብትሸጡ ዕቃው ይመለሳል።

ካርቶኑን በደንበኛው ፊት ክፈቱ። ከዚያ *#06# ጻፉ። ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ይመጣል፣ ባለ ሁለት ሲም ከሆነ ሁለት ቁጥር። ስክሪኑ ላይ ያለው፣ ካርቶኑ ላይ ያለውና ደረሰኙ ላይ የጻፋችሁት ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው። ካልገጠመ አትሽጡት፣ ለኃላፊያችሁ አሳዩ። ዋስትና የሚጠየቀው በዚህ ቁጥር ነው፤ ስልክ ቢሰረቅም ፖሊስ የሚጠይቀው እሱን ነው። ደንበኛው ካርቶኑን ቤቱ እንዲያስቀምጥ ንገሩት።

ቀጥሎ፦ ካሜራ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ማይክ (ደውላችሁ)፣ ቻርጅ። አራቱንም እዚያው ሞክሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ስማርት ስልክ የጉግል አካውንት ሲጠይቅ ለመገላገል ብላችሁ በራሳችሁ ኢሜይል አትክፈቱለት። ስልኩ አንድ ቀን ሪሴት ሲደረግ የመጀመሪያውን አካውንት ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉን የምታውቁት እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ስልኩ ተቆልፎ ይቀራል፣ ሰውየውም እናንተን ፍለጋ ይዞራል። በራሱ ቁጥር፣ በራሱ ስም ክፈቱለት፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ ይጻፈው፣ ወረቀት ላይ አስፍሮ ቤቱ ያስቀምጠው። ጊዜ ከሌለ ዝለሉት፣ በኋላ መክፈት ይቻላል።

7. የጠፋ ሲም መተካት

ከሥራው ሁሉ አደገኛው ይሄ ነው። አዲሱ ሲም ሲሠራ የድሮው ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ የቴሌብሩም፣ የኤም-ፔሳውም፣ የባንኩም ኮድ የሚመጣው አዲሱን ሲም ወደያዘው ሰው ነው። በሌላ ሰው ስም ሲም ያስተካ ሌባ ያንን ሰው ሙሉ በሙሉ ባዶ ሊያስቀረው ይችላል።

ስለዚህ በቅደም ተከተል፦

ሀ. መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ ደውሉ። የሚያነሳ ካለ ቆም በሉ። አንሺው ስልኩን ያገኘው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ራሱ ሊሆንም ይችላል።
ለ. መታወቂያው ዋናው መሆን አለበት። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይሠራም።
ሐ. ፊቱን ከፎቶው ጋር አመሳክሩ። ጣት አሻራ ማረጋገጫ ካለ ሳይዘለል ይደረግ።
መ. በሲስተሙ ያለውን መረጃ እናንተ አትንገሩት፣ እሱ ይንገራችሁ። "የተመዘገበው በአበበ ስም ነው አይደል?" አይባልም። "በማን ስም ነው?" ነው የሚባለው።
ሠ. የወንድሜ ነው፣ የሚስቴ ነው ካለ በትህትና ባለቤቱ ራሱ እንዲመጣ ወይም ሕጋዊ ውክልና እንዲያመጣ ንገሩት።

የሚቸኩል፣ የሚቆጣ፣ "አለቃህን አውቀዋለሁ" የሚል ሰው ሲመጣ ሥራችሁን የባሰ አዝግሙት። እውነተኛ ባለቤት ይናደዳል እንጂ መረጃው አይጠፋበትም።

8. የሞባይል ገንዘብ

ቴሌብር የሚከፍቱት በ*127# ወይም በአፑ ነው። ምንም ይሁን በምን የደንበኛን ሚስጥር ቁጥር አትንኩ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ስልኩን ሰጥተው ቁጥሩን ጮክ ብለው ይነግሯችኋል፤ "እማማ፣ ይሄን ለልጅዎም አይንገሩ፣ እርስዎ ይጫኑት" በሉና ፊታችሁን አዙሩ። አዙሩ ስላችሁ በእውነት ነው፤ ብር ቢጎድል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቁጥሩን የሰማ ሰው ነው።

ሲልኩ የተቀባዩ ስም ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ሚስጥር ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ስሙን አንብቡላቸው፣ "ይሄ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በስህተት የተላከ ብር ማስመለስ ረጅም ጣጣ አለው።

ለእናንተ ሲከፈል ደግሞ ደንበኛው የሚያሳያችሁን መልእክት ወይም ስክሪንሾት አትመኑ። ሐሰተኛ መልእክት መሥራት ቀላል ነው። የሱቁ ሂሳብ ላይ መግባቱን በራሳችሁ ሲስተም ሳታዩ ዕቃ አትስጡ። ወረፋው ቢረዝምም።

9. ጥሬ ብር መቀበል

የተቀበላችሁትን ብር መልስ እስክትሰጡ ድረስ መሳቢያ ውስጥ አታስገቡ፣ ባንኮኒው ላይ በእናንተ በኩል ይቆይ። "ባለ 200 ነው የሰጠሁህ" የሚለው ክርክር እዚያው ይዘጋል። ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ። ባለ 200ዎቹን አንድ በአንድ ዳስሱ፣ ወደ ብርሃን አንስታችሁ የደህንነት ክሩን እዩ። ደረሰኝ ሳይጠየቅ ይቆረጣል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ መኖሩን ለሚጠይቅ ማስረዳት ቻሉ።

ካርድ ስትሞሉ ቁጥሩን እናንተ ጻፉ፣ ደንበኛው ስክሪኑን አይቶ "አዎ" ይበል፣ ከዚያ ላኩ። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ካርዱ ለማያውቁት ሰው ይሄዳል።

10. ከመውጣቱ በፊት

እነዚህን በደንበኛው እጅ፣ በደንበኛው ስልክ፦ ይደውል፣ ይደወልለት። ዳታውን ከፍቶ አንድ ነገር ያውርድ። ሂሳቡን ይይ፤ በኢትዮ ቴሌኮም *804# ነው፣ ጥቅል መግዣው *999#። ለራሱ እንዲጫን አድርጉት እንጂ እናንተ አትጫኑለት። ራሱ የተጫነውን ቤቱም ይደግመዋል። ችግር ሲገጥመው የሚደውልበትን ቁጥር ጻፉለት፦ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700።

11. ችግር ይዞ ሲመጣ

ግምት አትጀምሩ፣ ለዩ። ሲሙን አውጥታችሁ መሞከሪያ ስልካችሁ ላይ አስገቡ። እዚያ ከሠራ ችግሩ የደንበኛው ስልክ ነው። እዚያም ካልሠራ የእናንተን ሲም በደንበኛው ስልክ ሞክሩ። ከሠራ የሱ ሲም ነው። የደንበኛው ሲምም ስልክም ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ቦታው ነው፤ የት ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ ቤት ውስጥ ወይስ ውጭ እንደሆነ ጠይቃችሁ መዝግቡና ለቴክኒክ ክፍል አስተላልፉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይሄን ሳያደርጉ ሲም የሚተኩ ሰዎች አሉ፤ ደንበኛው ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ከነችግሩ ቤቱ ይመለሳል።

12. መዝጊያ

ብሩን፣ የመሙያ ሂሳቡን፣ የሲሞቹን ተከታታይ ቁጥርና ቀፎዎቹን ጠዋት ከጻፋችሁት ጋር አመሳክሩ። ልዩነት ካለ ያን ቀን ማታውኑ ለኃላፊው በጽሑፍ አሳውቁ፣ አምስት ብርም ትሁን። ከኪስ ሞልቶ ዝም ማለት አይጠቅማችሁም፤ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይቀጥላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ታርጌት ለመሙላት በዘመድ ወይም በአንድ ደንበኛ መታወቂያ ብዙ ሲም ማውጣት። ይሄ ከሁሉ የከፋው ነው። ያ ሲም ማጭበርበሪያ ላይ ከዋለ ፖሊስ የሚመጣው መታወቂያው ላይ ወዳለው ሰው ነው፣ ቀጥሎ ወደ መዘገባችሁት እናንተ። ታርጌታችሁ ካልሞላ ወደ ሰው ሂዱ፦ መናኸሪያ አካባቢ፣ አቶቴ፣ የፓርኩ ሠራተኞች የሚከራዩባቸው ሰፈሮች። ኃላፊያችሁን ፈቃድ ጠይቁና ጠረጴዛ ይዛችሁ ውጡ።

የማያውቁትን ጥያቄ በግምት መመለስ። "አንድ ጊዜ ልጠይቅልዎ" ማለት አያሳፍርም። በስህተት የተነገረ ዋጋ ግን እናንተን ያስከፍላል።

"ሲስተም የለም" ብሎ ዝም ማለት። ሲስተም ሲወርድ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ተነስታችሁ ንገሩ፣ ምን ያለ ሲስተም መሥራት እንደሚቻል ለዩ (የስልክ ችግር መፈተሽ፣ ቀፎ ማሳየት፣ ቅጽ ማስሞላት ይቻላል)፣ ከሩቅ የመጣውን ስሙንና ተራውን ጻፉለት። ከገጠር በመኪና የመጣ ሰው ነገ ና ሲባል የነገው ትራንስፖርትም ከኪሱ ነው። ሲስተሙ ሲመለስ መጀመሪያ የሚስተናገደው እሱ ይሁን።

ስልክ እያዩ ማስተናገድ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ስልካችሁን መሳቢያ ውስጥ ክተቱት።